የደበዘዘው ንጉሥ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፴፭ ዓመት፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ከሴን ወንዝ የተነሣው ጉም የፓሪስን ጣራዎች ሸፍኖ ባረፈደበት ማለዳ፣ የፖሊስ ሹሙ ሙሴ ላርሼ ሁለት ዘበኞች አስከትሎ ወደ ኤሎዲ ፋርጎ ማተሚያ ቤት ገባ። በዚያ ወር፣ ልጆቼ፣ ሥዕል ሁሉ ሳንሱር ሳያየው እንዳይታተም የሚል ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ጽሑፉንስ ያነበበ ያነበዋል፤ ሥዕሉን ግን ፊደል ያልቆጠረው አናጢና ውሃ ተሸካሚ ሳይቀር በሱቅ መስኮት ፊት ቆሞ ይስቅበት ነበርና።

ኤሎዲ ሥዕል አትሥልም። ሠዓሊው ታናሽ ወንድሟ ሲልቫን ነበር፤ እሱ በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ይሥላል፤ ሽማግሌው አታሚ ባቲስተን ድንጋዩን አርጥቦ፣ በቅባቱ ላይ ብቻ የሚይዝ ቀለም ቀብቶ በወረቀት ላይ ያትማል፤ የታተመው ሲበቃ እሷ ድንጋዩን በአሸዋና በውሃ ፍቃ ለሌላ ሥዕል ታሰናዳለች። ሲልቫን በንጉሡ ላይ ስለ ቀለደ ስድስት ወር ተፈረደበት፤ በአራተኛው ወር እዚያው ወህኒ ቤት በሳንባ በሽታ ሞተ። ለእኅቱ የቀረላት ሊታሰር ሲል የሣለው፣ አንድ ወረቀት እንኳ ያልታተመበት ድንጋይ ነው፤ ንጉሡ ዙፋኑን እንደ ሸክም በጀርባው አዝሎ፣ ዘውዱ አንድ ዓይኑን ጋርዶት፣ ጉልበቱ እየተብረከረከ ደረጃ ይወጣል።

ሹሙ ሥዕሉን አይቶ ፈገግታውን በጢሙ ደበቀ። ሠዓሊው ስለ ሞተ የዚህ ሥዕል ክስ መዘጋቱን፣ ድንጋዩ ግን በእሱ ዓይን ፊት እንዲፋቅ መታዘዙን ነገራት፤ እንቢ ካለች ቤቱ ይታሸጋል፤ እሷም ወንድሟ ወደ ሞተበት ወህኒ ትወርዳለች።

«እኔ ልፋቀው፣ ልጄ፤ አንቺ አትዪው» አላት ባቲስተን።

«ይተዉት፣ አባባ። የሲልቫንን ድንጋይ ሌላ እጅ አይነካውም።»

እጅጌዋን ሰበሰበች። ሻካራው አሸዋና ደቃቁ አሸዋ በየሣጥናቸው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌው እጇ ወደ ደቃቁ ሲሄድ አየ። ሻካራው ሥዕሉን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ደቃቁ ላዩን ብቻ ያነጣና የሰረገውን ቅባት ውስጥ ይተወዋል፤ ይህን የሚያውቀው ባለሙያ ብቻ ነው። ውሃ ረጨች፤ ሌላ ድንጋይ ደረበችና ክንዷ እስኪዝል አሸች። መጀመሪያ ዘውዱ፣ ቀጥሎ ዙፋኑ፣ በመጨረሻ ሲልቫን ሦስት ጊዜ እየሰረዘ የሣላቸው ጉልበቶች ጠፉ።

ሹሙ ጣቱን አሳለፈበት፤ እንደ ወተት ነጭ ነው።

«እንግዲህ ንጉሡ ከሸክማቸው አረፉ፣ ማዳም።»

«እርስዎም ይረፉ፣ ሙሴ።»

ሹሙ እንደ ወጣ ባቲስተን በሩን ቀረቀረ። «ከተያዝን መቃብራችን ከወንድምሽ ጎን ነው» አላት።

«አውቃለሁ። ቀለሙን ያምጡ።»

ቀለሙ ነጩን ድንጋይ ሲነካው ንጉሡ ከነሸክሙ ቀስ እያለ ብቅ አለ፤ ግን ገርጥቶ፣ እንደዚያ ማለዳ ጉም ሳስቶ። አሥራ ሁለት ወረቀት አተሙ፤ በአሥራ ሦስተኛው ጉልበቶቹ አልታዩም። ውሃ ተሸካሚዎች አሥራ ሁለቱን በሸሚዛቸው ሥር ይዘው ወጡ፤ በየመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ለጠፏቸው፤ ሠፈሩም ሲስቅ ዋለ።

በማግስቱ ሹሙ በቁጣ ሲመለስ፣ ኤሎዲ ድንጋዩን በሻካራው አሸዋ እስከ ሥሩ ፍቃው ጠበቀችው። ቀለም አስቀባ፤ አንዲት መስመር አልወጣችም። ከሄደ በኋላ ባዶው ድንጋይ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ንጉሡ ዙፋኑን ጥሎ ከፓሪስ ሸሸ። ከወረቀቶቹ ሁለቱ ዛሬም በቤተ መዘክር በመስተዋት ሥር ተቀምጠዋል፤ ሊቃውንቱም ሥዕሉ የደበዘዘው ሠዓሊው በወህኒ ታሞ እጁ ስለ ዛለ ነው ብለው ጽፈዋል። ያን ሥዕል ሲሥል፣ ልጆቼ፣ ሲልቫን ጤነኛ ነበር። ያደበዘዘችው እኅቱ ናት፤ ስሟም በወረቀቱ ግርጌ የለም።