ቃጭል የያዘው ፈረሰኛ

ቴክሁን ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ወደ ሸክላ ሱቁ መጥቶ፣ መጠጥ መቅጃ የሆኑትን የሸክላ ፈረሰኞች አይቶ ብቻ ተመለሰ። በኮሪያዋ ግዮንግጁ ከተማ የቀይ ባቄላ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ከሸሚዙ ላይ ዱቄት አይጠፋም። ኢንጁ ከሸክላ ሠሪው አባቷ ከአቶ ፕዮ ጎን ተቀምጣ ጭቃ እያሸች፣ ዓይኑ ከፈረሶቹ ይልቅ እሷ ላይ እንደሚቆይ አውቃለች። ደስ ብሏታል። ግን ዝምታ ለበግም አልበጃት።

በአራተኛው ቅዳሜ አባቷ በሌሉበት መጣ።

«ለእናቴ ልደት አንድ ፈረስ ፈልጌ ነበር» አለ፣ ጆሮው ቀልቶ።

«የምንሸጠው በጥንድ ነው። አስመስለን የምንሠራቸው፣ ከጥንት ነገሥታት መቃብር የወጡትም ሁለት ናቸው፤ ጌታውና አሽከሩ። አሽከሩ ቃጭል ይዞ ከፊት መንገድ ይመራል።»

«መደርደሪያችን ጠባብ ነው። አንዱን ብቻ አትሸጪልኝም?»

በዚያ ቤት ጥንድ መለየት ነውር ነው። ኢንጁ ግን ሁለቱንም ከሰጠችው ዳግመኛ የሚመጣበት ሰበብ እንደሚያጣ አሰበች። በገዛ እጇ የሠራችውን አሽከር ጠቅልላ ሰጠችው።

አባቷ ሲመለሱ ጌታውን ብቻውን አገኙት።

«ማነው የለያቸው?»

«እኔ ነኝ አባዬ። ይመለሳል።»

«ማን? ፈረሱ ወይስ ዱቄታሙ?»

ኢንጁ አቀረቀረች።

«እስከ እሑድ ሳምንት እጠብቃለሁ። ካልተመለሰ ይሄኛውን እሰብረዋለሁ። ጎዶሎ ዕቃ እቤቴ አይቀመጥም!»

አቶ ፕዮ እሰብራለሁ ካሉ ይሰብራሉ። ኢንጁ ሳምንቱን ሙሉ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም። ቢሰበር ሌላ ትሠራለች፤ የፈራችው ሰውየው ሳይመጣ እንዳይቀር ነው።

እሑድ ቀትር ላይ አባቷ መዶሻቸውን አነሱ። ይሄኔ ቴክሁን የዳቦ ሳጥን ታቅፎ እያለከለከ ገባ።

«እናቴ ናት የላከችኝ» ብሎ ሳጥኑን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። «የሩዝ መጠጥ በጀርባው ሞልታ ከደረቱ ስትቀዳ ደስ አላት። ኋላ ግን ‹ጌታ የሌለው አሽከር ማንን ሊመራ ነው? ወይ ሌላውን አምጣ፣ ወይ ይሄን መልስ› አለችኝ። ሌላውን ልገዛ ነው የመጣሁት።»

አቶ ፕዮ አሽከሩን ከሳጥኑ አውጥተው ከጌታው ፊት አቆሙት። መዶሻውን አስቀመጡ።

«አይሸጥም» አሉ።

ኢንጁ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«ጥንዱ ከዚህ ቤት የሚወጣው አሽከሩን ከሠራችው ልጄ ጋር፣ በሠርጓ ቀን ነው። ለእናትህ እንደዚያ ብለህ ንገራት።»

ቴክሁን ወደ ኢንጁ ዞረ፤ እሷም ዛሬ አላቀረቀረችም።

«መደርደሪያችን ጠባብ ነው አላልክም ነበር?» አለችው።

«ዛሬውኑ አሰፋዋለሁ።»