በወደቡ ግድግዳ ላይ ያለችው ሴት

ኡሊያና ናዛርን የተዋወቀችው ለባሏ ሙት ዓመት አበባ ልታኖር በሄደችበት ቀን ነው። ሰው የፍቅርን ቀን መርጦ አያገኝም እንጂ፣ ቢመረጥ ኖሮ ያን ቀን የሚመርጥ አልነበረም።

ኪየቭ ውስጥ፣ ዲኒፕሮ ወንዝ ዳር፣ በአሮጌው የጀልባ ወደብ ግድግዳ ላይ አንዲት ሴት አለች። ከትንንሽ ባለቀለም ብርጭቆዎች የተሠራች፣ ሦስት ፎቅ የምታህል ሞዛይክ ናት። ቀሚሷ ቢጫ ነው፤ ከኋላዋ ያለው ውሃ ሰማያዊና አረንጓዴ። እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ ወንዙን ታያለች፤ ወርቃማ ቀለበቷ በግራ እጇ ነው። በዚያ አገር ያገባች ሴት ቀለበቷን በቀኝ ታደርጋለች፤ ባሏ ሲሞት ነው ወደ ግራ የምታዛውረው። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ «መበለቷ» ይላታል። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ባሎቻቸው ያለቁባቸው ሴቶች እግሯ ሥር አበባ ማኖር ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም።

ናዛር ያን ጊዜ ብረት መወጣጫ ላይ ሆኖ የረገፉትን ብርጭቆዎች እየመለሰ ይለጥፍ ነበር።

«እህት፣ ፈንጠር በይ! ሲሚንቶ ይረግፍብሻል!»

«ራስህ ፈንጠር በል! ባሌን ላስብ ነው የመጣሁት።»

ወዲያው ወረደ። ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ። «ይቅርታ። ግንባር ላይ ነው የሞተው?»

«ግንባር ላይ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቃትም። አበባዋን አኑራ እስክትነሳ አጠገቧ ቆመ። የግራ ጆሮው በፍንዳታ ደንቁሮ ከግንባር የተመለሰ መሆኑን የነገራት በሌላ ቀን ነው።

በየእሑዱ መምጣት ጀመረች። ለመበለቷ ነው የምመጣው ትል ነበር፤ ራሷን እንጂ ማንን ታታልላለች። እሱም እሑድ እሑድ ሥራ አለብኝ ይል ነበር፤ አለቃው ግን እሑድ ሥራ አልሰጠውም። በሚሰማው ጆሮው በኩል ተቀምጣ ስትናገር፣ ወንዙን እያየ ያዳምጣታል። አንዳንዴ ዘወር ሲል ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ፤ ያኔ ሁለቱም ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራሉ።

አንድ እሑድ አንዲት ቀይ አበባ ሰጣት።

«አንድ ብቻ? አንተ ቆንቋና!»

«ሁለት ባደርገው ለሙት ይሆናል። ለሕያው ጎዶሎ ቁጥር ነው የሚሰጠው። አንቺ ደግሞ በሕይወት አለሽ፤ እስካሁን የነገረሽ የለም እንዴ?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፤ እሱም መሐረብ ፈልጎ ሲያጣ ሲሚንቶ የነካውን እጅጌውን ዘረጋላት። እንደወደደችው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ማወቋም አስፈራት።

ያስፈራቻት ራይሳ ናት፣ የሟች ባሏ የፓቭሎ እናት። ኡሊያና እናቷን በሰባት ዓመቷ ነው ያጣችው። ፓቭሎን ስታገባ ራይሳን «እማዬ» አለቻት፤ ፓቭሎ ከሞተ በኋላም ሁለቱ በአንዲት ጠባብ ቤት አብረው ቀሩ። ራይሳ ከሷ በቀር፣ እሷም ከራይሳ በቀር ማንም የላቸውም። ሌላ ወንድ አግብቼ በየትኛው አፌ እማዬ እላታለሁ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳት።

የግድግዳው ሥራ ሊያልቅ ሲል ናዛር እንዲህ አላት፦ «ከዚህ ወደ ኦዴሳ እሄዳለሁ። ከኔ ጋር እንድትመጪ እፈልጋለሁ፣ ሚስቴ ሆነሽ። በሚቀጥለው እሑድ መልስሽን ንገሪኝ።»

መልስ በምትሰጥበት እሑድ ጠዋት ራይሳ ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ቆመች። በከተማው ባቡር ወደቡን ስታልፍ እንኳ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት።

«ዛሬ አብሬሽ ነኝ። ያን ሰውዬ ልየው።»

«እማዬ፣ የምን ሰውዬ?»

«ሞኝ አታድርጊኝ! መበለት ለመጎብኘት ከንፈሯን የምትቀባ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ኡሊያና መንገዱን ሁሉ አንገቷን እንደደፋች ሄደች። ራይሳ እንደደረሱ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ ጠቁሯል። ኡሊያና ያን ፊት አይታ መልሷን ወሰነች። ወደ ናዛር ሄደች፤ ከድንጋጤዋ የተነሳ በማይሰማው ጆሮው በኩል ቆመች።

«አልችልም፣ ናዛር።»

«ምን አልሽ?»

«አልችልም አልኩህ!» ድምጿ ወደቡን ሞላው። «እያት እስቲ መበለቷን! ይሄን ሁሉ ዘመን ለባሏ ታምና ቆማለች። እኔ ከሷ በምን እበልጣለሁ?»

የመለሰችው ራይሳ ናት።

«እሷ መበለት አይደለችም።»

ከአግዳሚው ተነስታ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህ ሞዛይክ በተሠራበት ቤት ብርጭቆ ለጣፊ ነበርኩ። አንተ ልጅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ንገራት።»

«ብርጭቆው በፊቱ ተደፍቶ ወረቀት ላይ ይለጠፋል» አለ ናዛር። «ግድግዳው ላይ ሲጫን ቀኙ ግራ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕል የተገለበጠ ነው።»

«አዎ። እኔ ወረቀቱ ላይ ሳያት ቀለበቷ በግራ ነበር። ሙሽራ እኮ ናት! በጀልባ የሚመጣ እጮኛዋን ነው የምትጠብቀው። የኔም ሠርግ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሟርት ነው፣ ሠዓሊው ተሳስቶ ነው ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ ቀለበቱን ነቅዬ ወደ ሌላኛው እጇ አዛወርኩት። ግድግዳው ላይ ሲጫን ግራው ቀኝ እንደሚሆን ረሳሁት። ሟርት ፈርቼ በገዛ እጄ መበለት አደረግኳት።»

በጣቷ ወደ ቀለበቱ አመለከተች።

«ግድግዳው ላይ ሳየው ሲሚንቶው ደርቆ ነበር። ለማንም አልተነፈስኩም። ፓቭሎ ገና ሕፃን ሳለ ባሌ ሞተ። ከዚያ ፓቭሎ ራሱ። ይህች እጄ ናት ያመጣችብን እያልኩ አረጀሁ።»

ኡሊያና ያችን እጅ በሁለት እጆቿ ያዘች። «እማዬ፣ ፓቭሎን የገደለው መድፍ ነው። ብርጭቆ ሰው አይገድልም።»

«አውቃለሁ። ግን እንዲህ የሚለኝ ሰው አልነበረም፤ ደብቄው ማን ይበለኝ?» ራይሳ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «አሁን አንቺ የኔን ስሕተት አይተሽ ዕድሜሽን ልትቀብሪ ነው? በቃኝ። ሁለተኛ ሙሽራ መበለት አላደርግም።»

«መወጣጫው ሳይነሳ ቀለበቱን ልመልሰው እችላለሁ» አለ ናዛር ቀስ ብሎ። «የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

ከግድግዳው ሥር አንዲት ጥቁር የለበሰች ልጅ ተንበርክካ አበባ ታስተካክል ነበር። ራይሳ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ተወው» አለች። «እነዚህ ልጆች የት ሄደው ያልቅሱ?»

ኡሊያና ዞራ በሚሰማው ጆሮው በኩል ቆመች። «እሺ» አለችው። ሹክሹክታ ነበር፤ እሱ ግን ሰምቷት ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ ጣለ።

በመከር ወቅት በማዘጋጃ ቤቱ የጋብቻ ክፍል ተገኙ። እንግዳው ጥቂት ነው። የክፍሉ ሠራተኛ ወረቀቷን ይዛ ሰዉን በየቦታው ታቆማለች፤ የናዛርን እናት ከልጇ ጎን አቆመቻት። ራይሳ በሩ ሥር ቆማ ቀርታ ነበር።

«እርስዎስ፣ እናቴ፣ የማን ወገን ነዎት?»

ኡሊያና ዞራ ማየት አቃታት።

«የሙሽራዋ እናት ነኝ» አለች ራይሳ፤ መጥታም ከጎኗ ቆመች።