አራት ሴንቲ ሜትር ኅዳግ

ዶክተር ገብረዋሕድ ከመጻፊያ ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር የተገኙት። ማጅራታቸውን ያገኛቸው ድንጋይ ወለሉ ላይ ወድቋል። ራሳቸው ከአቃቂ ወንዝ ዳር አምጥተው ወረቀት የሚጭኑበት ድንጋይ ነው። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ በሰበሰበው ይመታል።

የፖሊስ መርማሪው ሻምበል ቢተው ሐሙስ ጠዋት ቦሌ ካለው ቪላቸው ሲደርስ ሬሳው ተነስቷል። ታይፒስቷ ተናኜ በሁለት ጠመንጃ ያዦች መካከል ቆማለች።

«ጓድ ሻምበል፣ አትድከም» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ገረመው። «ሬሳው አጠገብ የተገኘችው እሷ ናት። ወንድሟም ሸፍቷል። ስምንት ሰዓት ላይ እንወስዳታለን።»

በ1970 ዓ.ም. «እንወስዳታለን» ማለት ምን እንደሆነ ቢተው ነጋሪ አላስፈለገውም። የተወሰደ ሲመለስ አላየም። ወደ ልጅቷ ዞረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሱ ግን የሚያድርበት ጊዜ አልነበረውም።

«መቼ መጣሽ?»

«ትናንት አሥር ሰዓት፣ ጌታዬ። የመጨረሻዎቹን ገጾች ተይቤ ይዤ። ጽሑፉ ነገ ለመጽሔቱ መግባት አለበት።»

ስለ ከርሰ ምድር ውኃ የተጻፈው ጥናት ጠረጴዛው ላይ አለ። የሽፋኑ ገጽ ግን የሟቹን ስም አልያዘም። «መኩሪያ አስፋው» ይላል፣ ብቻውን።

«ይህንስ የተየብሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም። የአራት ዓመት ልፋታቸውን ለማን ብለው ይሰጣሉ?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈለቀች ጥቁር ለብሰው ጥግ ይዘዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ የተሰብሳቢዎቹን ስም የጠራው ገረመው ራሱ ነው።

«ከመጽሔቱ ደብዳቤ መጥቶላቸው ነበር» አሉ። «ከፖስታ ሣጥናቸው አምጥተው ምሳ ላይ ከፈቱት። እንደገና ሊያስተይቡኝ ነው ብለው ተናደዱ።»

ደብዳቤው ከታይፑ አጠገብ ተቀምጧል። ቢተው ሁለት ጊዜ አነበበውና ከመሳቢያው ማስመሪያ አውጥቶ ገጾቹን ይለካ ጀመር።

«ልብስ ልትሰፋልን ነው?» አለ ገረመው።

መኩሪያ ተጠርቶ መጣ። የሟቹ ረዳት ነው፤ ክራቫቱ የተስተካከለ፣ እስክሪብቶዎቹ በኪሱ በሰልፍ የቆሙ።

«ቅዳሜ እዚሁ ቤት፣ በዚሁ ታይፕ ተየብኩት» አለ። «የውጭ ትምህርት ዕድል እንዳገኝበት ብለው ጽሑፉን ለእኔ ተዉልኝ።»

«ከቅዳሜ ወዲህስ?»

«በዚህ በር አላለፍኩም።»

«ደብዳቤ ስለመምጣቱስ?»

«አልሰማሁም።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቢተው ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበ።

«እንግዲህ ስሙኝ። የውስጡ ገጾች በግራ በኩል የተተወላቸው ኅዳግ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ተናኜ በአሮጌው ደንብ ነው የተየበችው። መጽሔቱ ይህን ወደ አራት የቀየረው ባለፈው ሰኞ ነው፤ ደብዳቤው ይኸው። ትናንት ምሳ ላይ እስኪከፈት ድረስ እዚህ ቤት ያየው የለም።»

ማስመሪያውን ሽፋኑ ላይ አስተኛ። «ይህ ገጽ ልክ አራት ነው። የጸሐፊው አድራሻ ከታች በቀኝ ይሁን የሚለውም አዲስ ትእዛዝ ነው፤ እሱም ተፈጽሟል። አቶ መኩሪያ፣ ሰኞ የወጣ ደንብ ቅዳሜ እንዴት አከበሩ?»

መኩሪያ ክራቫቱን ነካካ። «አጋጣሚ…»

«አይደለም። ወይዘሮ ፈለቀች ስብሰባ ሲሄዱ መጡ፤ ተጣላችሁ፤ መቷቸው። ከዚያ ተቀምጠው ሽፋኑን ተየቡ፣ ደብዳቤውም ከፊትዎ ነበር። ሰው ገድለው እንኳ ደንብ መጣስ አልሆነልዎትም።»

«ስሜን ከስማቸው ሥር እንኳ እምቢ አሉኝ» አለ መኩሪያ፣ ወለሉን እያየ። «የውኃ ጉድጓዶቹን እኔም አብሬ ቆፍሬ ነበር።»

የቢተው ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ገረመው ኮፍያውን አነሳ። «የእሷን ጉዳይ ሌላ ቀን እናየዋለን።»

«ዛሬ ግን ሥራ አላት» አለ ቢተው።

ወይዘሮ ፈለቀች ንጹሕ ወረቀት አቀረቡ። አርባ ሁለት ገጽ እስከ ነገ እንደገና መተየብ አለበት። ተናኜ የታይፑን የኅዳግ መቆሚያ ወደ አራት ገፋችና የሟቹን ስም ተየበች። ከታች በቀኝ ስትደርስ እጇ ቆመ። ደንቡ ጸሐፊው አሁን የሚገኝበትን አድራሻ ይጠይቃል።

«ምን ልበል፣ እትዬ?»

ሴትዮዋ ባዶውን ወንበር አዩ።

«ገና አልቀበርናቸውም» አሉ። «የዚህን ቤት ቁጥር ጻፊ።»