ዘውዱ በኬክ ካርቶን

ዑዘይር የኬክ ካርቶኑን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አላያትም።

«የልደት ነው። ሻማ ግን አልገዛሁም።»

«ሻማ እኔ ጋ አለ» አለችው። የይለፍ ቃሉ ገጠመ።

አራዳ ያለው አሮጌ ትምህርት ቤት የአካባቢው ታሪክ ሙዚየም ከሆነ ወዲህ፣ እሷ በኢየሩስ ስም አስጎብኚ ሆና ገብታለች። በስውር የላካት የደኅንነት መሥሪያ ቤቷ የሚያውቃት «ድንቢጥ» በሚል ነው። ዑዘይር የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነው። ሌቦች የሙዚየሙን ዘውድ ሰርቀው አምሳያውን በግድ አሠሩትና በቦታው አስቀመጡት። ዑዘይር ግን ሕሊናው እምቢ አለው። በድብቅ ሌላ አምሳያ ሠርቶ ለሌቦቹ ሰጠ፤ ለናሙና እጁ ላይ የቆየውን እውነተኛውን ዘውድ ለድንቢጥ ይዞ መጣ።

ለአለቃዋ ለአርአያ ደወለች። አርአያ ዑዘይርን በጓሮ በር እንድታስወጣው፣ የመሥሪያ ቤታቸው መኪና እንደምትጠብቀው ነገራት። ታምነዋለች። እስከ በሩ ሸኘችው።

ተመልሳ በመስኮት አየች። ዑዘይር መኪናዋ ውስጥ ገባ። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ፊቱን አዞረ።

የሌቦቹ አለቃ ግደይ ነበር።

መኪናዋ ተነሣች።

ሮጣ አትደርስበትም። ከአርአያ በላይ ላሉት አለቆች ደውላ የእሱን ክህደትና የመኪናዋን ታርጋ ነገረች። ጎብኚዎቹ ወደሚቀጥለው ክፍል አልፈዋል። የመስታወቱን ሣጥን ከፈተች፤ እውነተኛውን ዘውድ ወደ ቦታው መለሰች፤ ሐሰተኛውን ካርቶኑ ውስጥ ከተተች።

ደረጃው ተንቋቋ።

«ዕቃውስ?» አለ አርአያ።

«ይኸው፣ ጋሼ። ዑዘይር ደህና ነው?»

«አታስቢ። ከእኛ ጋር ነው።»

ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። ካርቶኑን ሰጠችው።

አርአያን ካርቶኑን እንደታቀፈ ቸርችል ጎዳና ላይ ያዙት። ግደይም ከነመኪናው ተያዘ። ዑዘይርን ግን ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር አገኙት። አልደረሱለትም።

ከተማውን ለቃ እንድትወጣ፣ ለማንም እንዳትናገር ታዘዘች። አልቻለችም። በማግስቱ ጥቁር ሻሽ አስራ ለቅሶው ድንኳን ገባች። የሟች ባለቤት ከዲጃ፣ ከፊቷ ያለችው ማን እንደሆነች ሳታውቅ እጇን ያዘቻት።

«እህቴ፣ ያቺን የሙዚየሟን ልጅ ታውቂያታለሽ? በጓሮ በር የሸኘችው እሷ ናት አሉ። ምን ብሎ እንደወጣ ብቻ ልጠይቃት ነበር።»

ምንም ብሎ አልወጣም። ቸኩሎ ነበር። ያስቸኮለችውም እሷ ናት።

«አላውቃትም» አለች ድንቢጥ።

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ፒያሳ ወጥታ ከቆመው ታክሲ ውስጥ ከኋላ ጥጉን ያዘች። ስሟን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።