የሽታዬ ጥሪ

ፈጠራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። እኔ ገላኔን አውቃታለሁ፤ ዋሽታ የምታውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው...

አዳማ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የቢሮው ሰው ምሳ ወጥቷል፤ ገላኔ ብቻዋን ነበረች።

ሥራዋ የአምቡላንስ መጥሪያ አፕ መፈተሽ ነው። ሰዎች ከአፑ የሚፈልጉትን በራሳቸው አንደበት ይነግሯታል፤ እሷም ታሪካቸውን ሲስተሙ ውስጥ ታስቀምጣለች። ሲስተሙ አፑ እያንዳንዱ ታሪክ የሚለውን ማድረጉን ይሞክራል። ከሠራ አረንጓዴ፣ ካልሠራ ቀይ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ታሪክ ቀይ ሆኖ አስቸግሯት ነበር። የቡልቡላዋ ሽታዬ፣ እርጉዝ ሆዷን ደግፋ የነገረቻት።

«ኔትወርክ ጠፍቶ ብጠራም፣ ሲመለስ ጥሪዬ ይድረስልኝ።»

አለቃዋ መሳይ «ቶሎ በይ» እያለ ወጥሮ ያዛት። ገላኔ ታሪኩን ሰረዘችው። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፤ ተጨበጨበላት። አፑም ቡልቡላ ላይ ተለቀቀ።

ሽታዬን ምጥ ሲይዛት ኔትወርክ አልነበረም። ጠራች... ጥሪው የትም አልደረሰም። እናትም ልጅም አልተረፉም።

ገላኔ ታሪኩን መሰረዟን ለማንም አልነገረችም። ሽታዬ ያመነችው እሷን ነበር።

ቢሮ ብቻዋን በቀረችበት በዚያ ቀን ከሰዓት አፑ ለሁሩታ ከተማም ሊለቀቅ ነው። ሲስተሙን ስትከፍት... የሽታዬ ታሪክ ተመልሷል።

ሰረዘችው።

ተመለሰ።

ከሥሩ አዲስ መስመር አለ። «ሽታዬ ጠራች።»

ዓይኗ እያየ ሌላ ተጨመረ።

«አሁንም እየጠራች ነው።»

መሳይ ጋ ደወለች።

«መሳይ... አፑን እንዳትለቀው።»

«ምን ሆንሽ? ለምን ታንሾካሹኪያለሽ?»

«የሽታዬን ታሪክ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። እያወቅኩ ነው። በእኔ ጥፋት ነው የሞተችው።»

መሳይ ሲስተሙን በስልኩ ከፈተ።

«ገላኔ፣ ታሪኩ እኮ ስልኬ ላይ ይታየኛል። አሁን አረንጓዴ ሆነ።»

ቀና ብላ አየች። እውነትም አረንጓዴ።

ከደጅ የአምቡላንስ ጩኸት ተሰማ። እየሮጠች ወረደች። ሹፌሩ ግራ ተጋብቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«አካም ኦልቴ፣ እንደምን ዋልሽ እህቴ። እናንተ ናችሁ የጠራችሁኝ?»

«ከየት ነው ጥሪው?»

«ከቡልቡላ ይላል። አድራሻው ግን እዚህ ነው። ባዶ መኪና ይዤ መጣሁ።»

ገላኔ ወደ አምቡላንሱ አየች። እሱም ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ።

ከተዘጋው አምቡላንስ ውስጥ... ጨቅላ ሕፃን እያለቀሰ ነበር።