ኩላሊቱን የፈለገው ቢላ

አናጺው ሳሎኑ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ሞቷል። ቢላው ከግራ ጎድኑ በታች፣ ጀርባው ላይ፣ አንዱን ቦታ እየደጋገመ ዘልዝሎታል። ደሙ በሩ ድረስ ወርዷል። ኤዲያ፣ የሰው ጭካኔ!

ሚስቱ በካቴና ታስራለች። ቢላው የማድ ቤቷ ነው፤ ጎረቤትም በዚያ ሰሞን «ትሞታለህ!» እያለች ስትጮህ ሰምቷል።

«እንዲታከም ብዬ ነው እትዬ!» አለቻት መርማሪዋን። «ወደተተከለለት አዲስ ኩላሊት የሚገባው የደም ሥር ጠቦ፣ ካልተከፈተ ኩላሊቱ ይሞታል ተባለ። እሱ እምቢ አሻፈረኝ ሲል ዝም ልበል? ኋላማ...»

«በቃ፣ ለዳኛው ትነግሪያለሽ» ብሎ ካቴናውን ያሰረባት መቶ አለቃ አቋረጣት። ዕድሜዋን ሙሉ እስር ቤት ልትበሰብስ ነው።

መርማሪዋ ግን ቁስሉ ላይ አፍጥጣ ቆየች። ሬሳው ሲነሳ ሚስቲቱን፣ ሐኪሙንና ኩላሊቱን የለገሰውን ታናሽ ወንድም እዚያው ሰበሰበች።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ። የሟቹ አዲስ ኩላሊት የት ነበር? በየገላችሁ ላይ አሳዩኝ።»

ሐኪሙ ከእምብርቱ በታች፣ ቀኝ ብሽሽቱ አጠገብ ነካ። ሚስቲቱም በታሰሩ እጆቿ እዚያው። ታናሽየው ግራ ጀርባውን ያዘ።

«ግለጡ» አለች መርማሪዋ። ታናሽየው የሌሎቹን እጅ ሲያይ ደነገጠ።

«አዲስ ኩላሊት ከፊት፣ ሆድ ሥር ነው የሚቀመጠው። የሰፋው ሐኪም ያውቃል፤ ቁስሉን ያጠበች ሚስትም ታውቃለች። ገዳዩ መግደል ብቻ ቢፈልግ አንገት ነበር፣ ልብ ነበር። እሱ ግን ኩላሊቱን ፈለገ፤ ከራሱ በወጣበት ቦታ! አንተ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የወንድምህን ገላ አይተህ አታውቅም።»

«የኔ ነበር!» ብሎ ጮኸ ታናሽየው። «ከገላዬ ቆርጬ የሰጠሁትን በእልህ ሊገድለው! ወንበር ሊያመጣልኝ ዞር ሲል ደሜ ፈላ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቢላ...»

ሚስቲቱ ተነስታ በካቴናው አፉን አለችው። ጥርሱ ደም በደም ሆነ።

«ታክሞ ነበር እኮ! ባለፈው ሳምንት እሺ አለ፣ የደም ሥሩን ውስጡ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ከፈቱለት። ልንነግርህ ብንደውል ብንደውል ስልክህን ዘጋህብን!»

ታናሽየው ወደ ሐኪሙ ዞረ።

«እውነቷን ነው» አለ ሐኪሙ። «ኩላሊትህ ድኖ ነበር።»

«ታዲያ... ታዲያ ስመጣ ለምን እሱ አልነገረኝም?»

«መቼ አፉን አስከፈትከው!» አለች ሚስቲቱ።