ጋሹ እስኪመጣ

አዲሱ የእንግሊዝኛ መምህር ፈንታሁን መጀመሪያ ያየኝ በሚያስተምርበት ክፍል መስኮት ነው። ሰሌዳው ላይ «ሻቢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎ፣ ተማሪዎቹ «ምሳሌ ስጠን» ሲሉት እኔ በደጅ አለፍኩ።

«ሻቢ ማለት የነተበ፣ የተጎሳቆለ። ያውላችሁ፣ እንደሷ ቀሚስ!» አለ።

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ኢልሀም የምትባል ተማሪ ግን አላስቻላትም።

«ኧረ ቲቸር! ቲቸር አልታዬ እናታቸው ሞተው፣ ከል ለብሰው ነው እኮ!»

ሰምቻለሁ። ምንም አልተሰማኝም። እናቴን ከቀበርን ወዲህ የሚሰማኝ ነገር አልነበረም። እሱ ገና ከደሴ መምጣቱ ነው፤ እዚያ ሐዘንተኛ ንጹሕ ጥቁር ይለብሳል። የእኛ ቤት ግን ገና በድሮው ነው፤ ነጩ ቀሚስ ከል ይነከርና እላይ ላይ እስኪያልቅ ይለበሳል።

በእረፍት ሰዓት እያላበው መጣ።

«አልታዬ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!»

«ምን አጠፋህ? ቀሚሱ እንደሆነ አልቋል። ቃሉ ልክ ነው።»

«ለልብስ ይባላል፣ ለአሮጌ ቤትም ይባላል። ለሰው ሥራም ይባላል፤ ሰው ሌላውን ሲያዋርድ። ሻቢው እኔ ያደረግኩት ነው።»

ደብተሬን ይዤ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ መምህራን ክፍል አጠገቤ መቀመጥ ለመደ። ብዙ አያወራም። ሻይዬ ሲቀዘቅዝ ዝም ብሎ በትኩስ ያስቀይርልኛል። ደንዝዤ ነበርና ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላውቅም፤ የቀረ ቀን ግን በሩን በሩን ሳይ እውላለሁ። ወይ ጉድ!

እናቴ ከሞተች ዓመት ሞላ። ሰኔ ላይ ወደ ደሴ ዝውውር ደረሰው።

«ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።

«ከል ለብሳ የምትታጭ የት አይተሃል?»

«ታዲያ አውልቂዋ!»

«በራሴ እጅ አይሆንም። ታላቅ ወንድሜ ነው አዲስ ቀሚስ ገዝቶ፣ ‹ይብቃሽ› ብሎ የሚያስወልቀኝ። ጋሹ ሲመጣ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

ምን ልበለው? ጋሹ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ለገና ብሎ ቀረ፣ ለፋሲካ ብሎ ቀረ። ፈንታሁን ዝምታዬን እምቢታ አድርጎ ወሰደው።

«እሺ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አለና ተነሳ።

አትሂድ ማለት ፈልጌ ነበር። አፌ አልታዘዘኝም።

በማግስቱ ቤት ስጠርግ አባቴ ከውጭ ገቡ። ክው አልኩ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያልነኩትን ጢም ሙልጭ አድርገው ተላጭተውታል። አገጫቸው እንዴት ከስቷል!

«አባባ! ጋሹ ሳይመጣ?»

«ጋሹን ስንጠብቅ እኛም አፈር ልንለብስ ነው እንዴ? መናኸሪያ ደርሼ መጣሁ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ያንን መምህር ፍለጋ ነዋ። ከተማው የሚያወራውን የማልሰማ መሰለሽ? ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጧል። ‹ውረድና ሽማግሌህን ላክ› አልኩት። የሴት ልጅ አባት እንዲህ ይላል? ወላሂ፣ አገር ይሳቅብኝ!»

«ወረደ?»

«እሷ ካላለችኝ አልወርድም አለ። ሚኒባሱ ሊሞላ ነው። ትወጂዋለሽ ወይስ አትወጂውም?»

«እወደዋለሁ!»

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። እናቴ ስትቀበር እምቢ ያለኝ እንባ ያኔ መጣ። መጥረጊያውን ጣልኩና ኡኡ ብዬ እያለቀስኩ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው መሃል ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ሌላ መርዶ የመጣብኝ መስሎት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ይከተለኝ ነበር።